ጀልባ ታስሮ ይደር እንጂ ተደግፎ አይደር፦ ጀልባን ከወደብ ጋር የማሰር ዝርዝር መመሪያ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጣና ዝም ያለ ነው። ጀልባው ካሰራችሁበት ቦታ ስንዝር አይነቃነቅም። በዚያ ሰዓት ማንኛውም ቋጠሮ ጥሩ ይመስላል። ቋጠሮው የሚፈተነው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ነው። ከዚያም በላይ የሚፈተነው ሌሊት፣ ነፋሱ ፊቱን ሲያዞር ነው።

ይህን የተማርኩት ጀልባ ጠፍቶብኝ ነው። ሥራውን በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከዘጌ መልስ ባሕር ዳር የደረስነው አመሻሽ ላይ ነበር። ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይገፋል። ጀልባው ከመድረኩ ጋር ተጣብቆ ቆመ። ገመዱን በብረቱ ቀለበት አሳለፍኩ፣ እንደ ጫማ ክር ሁለት ጊዜ ቋጠርኩ፣ ሳብ ሳብ አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ ቀለበቱ ባዶ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ፈልገን ጀልባውን በዓባይ መውጫ በኩል ደንገል ውስጥ ተወሽቆ አገኘነው። ገመዱ ከአፍንጫው ተንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ ይጎተታል። አልተበጠሰም። ዝም ብሎ ተፈትቷል።

አብረውን የፈለጉት ሽማግሌ ጀልባ ነጂ ገመዱን አንስተው ጫፉን አዩት። «ጋሼ፣ በደንብ አስሬው ነበር እኮ» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ አልታሰረም። ነፋሱ ደግፎልህ ነው ያመሸው» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ቀን መሬቱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብሱ ይነፍሳል። ሌሊት መሬቱ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱም ከየብስ ወደ ውኃ ይገለበጣል። እኔ ያሰርኩት ገመድ ሲመሽ ምንም ጭነት አልነበረበትም። ጭነቱ የመጣው እኔ ተኝቼ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ሳስር ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ነፋሱ አሁን በተቃራኒው ቢነፍስ ይህ ገመድ ምን ይሆናል?

የምጽፈው ጣና ላይ ስለማውቃቸው ከአምስት እስከ ስምንት ሜትር ርዝመት ስላላቸው የሞተር ጀልባዎች ነው። ዘዴው ግን ለሐዋሳም ለዝዋይም ያገለግላል። «መድረክ» የምለው ጀልባው የሚጠጋበትን የእንጨት ወይም የሲሚንቶ መቆሚያ ነው። ታንኳ ግን ሌላ ነገር ነው። የደንገል ታንኳ ውኃ ውስጥ አያድርም። ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ወጥቶ መድረቅ አለበት።

ገመዱን መምረጥ

መጥፎ ገመድ ላይ ጥሩ ቋጠሮ የለም። ገበያ ላይ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቃጫ ነው። ለእጅ ምቹ ነው፤ ርጥበት ላይ ሲከርም ግን ከውስጥ ይበሰብሳል። ውጪው ደህና መስሎ መሐሉ ሊያልቅ ስለሚችል ለሌሊት አላምነውም። ሁለተኛው ሰማያዊ ወይም ቢጫ ሆኖ የሚሸጠው ቀላሉ የፕላስቲክ ገመድ ነው። ርካሽ ነው፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ግን የሚያንሸራትት ስለሆነ ቋጠሮ አይይዝም፤ ፀሐይም ቶሎ ታደርቀዋለች። ሦስተኛው ናይለን ነው። ምርጫዬ እሱ ነው።

የናይለን ትልቁ ጥቅም መለጠጡ ነው። ማዕበል ጀልባውን ገፍቶ በድንገት ሲያስቆመው፣ የማይለጠጥ ገመድ ያን ሁሉ ንዝረት ለቀለበቱና ለብረቱ ያስተላልፋል። ናይለን ግን ረዘም ብሎ ይቀበለውና መልሶ ይሰበሰባል። ሲረጥብ ከጥንካሬው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ውፍረቱን ስትመርጡ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ በሉ። እስከ ስምንት ሜትር ለሚደርስ ጀልባ 12 ሚሊሜትር፣ ማለትም የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል፣ ይበቃል።

ሻጩ «ናይለን ነው» ብሎ ካልተዋጠላችሁ ቁራጩን ባልዲ ውኃ ውስጥ ጣሉት። ከተንሳፈፈ ናይለን አይደለም።

ርዝመት ላይ አትቆጥቡ። የፊትና የኋላ ገመዶች እያንዳንዳቸው ቢያንስ የጀልባውን ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ይሁኑ። ሰያፍ የሚታሰሩት ሁለቱ ደግሞ (ኋላ እንመጣባቸዋለን) ከጀልባው ርዝመት አይነሱ። የተረፈ ገመድ ይጠቀለላል፤ ያጠረ ገመድ ግን መፍትሔ የለውም።

የተቆረጠውን ጫፍ ሳታሽጉ አትጠቀሙበት። የናይለኑን ጫፍ በሻማ ወይም በላይተር ለኮስ አድርጉና ቀልጦ ይያያዝ። ትኩሱን በእጃችሁ አትንኩት፤ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብታችሁ በሲባጎ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት። ይህ ካልተደረገ ገመዱ እየተፈታ፣ ፀጉር እያወጣ፣ በጨለማ በቀለበት ላሳልፍ ስትሉ እንቢ ይላል።

አሮጌ ገመድ ካላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ውስጥ አሳልፉት። ዓይን የማያየውን መዳፍ ያገኘዋል። የሳሳ፣ የደነደነ ወይም ቀልጦ የተንጸባረቀ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ላይ ቆርጣችሁ አጭር ሥራ ስጡት። ሁለቱን ቁራጭ ቀጥሎ ጀልባ ማሳደር አይገባም።

መድረኩ ጋ ሳትደርሱ

ብዙ ሰው ገመድ የሚፈልገው መድረኩን ከነካ በኋላ ነው። ያኔ ገመዱ ከመቀመጫ ሥር ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ሆኖ ይወጣል። አንዱ «ሞተሩን!» እያለ ይጮኻል፣ ሌላው መድረኩን በእግሩ ይገፋል። እግር ወይም እጅ በጀልባና በመድረክ መካከል መግባት የለበትም። ይህን ለተሳፋሪም ጭምር አስቀድማችሁ ንገሩ። አንድ ቶን የሚመዝን ጀልባ ቀስ ብሎ እንኳ ቢመጣ አጥንት ይሰብራል።

ስለዚህ ገና ሃምሳ ሜትር ሲቀራችሁ ገመዶቹ በጀልባው ላይ ታስረው፣ ተጠቅልለው፣ ለእጅ ቀርበው ይጠብቁ። ጎማዎቹም በጎን ይንጠልጠሉ። ለጀልባ ተብሎ የተሠራ ትራስ ካላችሁ መልካም ነው። ከሌላችሁ የሞተር ሳይክል ወይም የትንሽ መኪና አሮጌ ጎማ ይሠራል። ከታች በኩል ቀዳዳ ብሱለት፤ ውኃ ይዞ እንዳይከብድና የወባ ትንኝ መራቢያ እንዳይሆን።

ከተቻለ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበላችሁ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ነፋሱ ራሱ ፍሬን ይሆናችኋል። ነፋሱ ከኋላ እየገፋችሁ ከገባችሁ ግን ጀልባው ቁም ቢሉት አይቆምም። መጀመሪያ የሚታሰረው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያለው ገመድ ነው። ነፋሱ ከፊት ከሆነ የፊቱ ይቅደም። እሱ ከተያዘ ሌላው አይቸኩልም። የሚወርደው ሰው ገመዱን ይዞ ይራመድ፤ አይዝለል። ገመዱንም በእጁ አይጠምጥመው፤ ጀልባው ቢስብ ጣቱን ይዞ ይሄዳል።

አራቱ ገመዶች

ጀልባ በአንድ ገመድ ከታሰረ ልክ እንደታሰረ በሬ ነው፤ ገመዱ በፈቀደለት ልክ ይዞራል። ለአሥር ደቂቃ ሰው ለማውረድ ሁለት ገመድ ይበቃል። ለማሳደር አራት ያስፈልጋል።

የፊቱ ገመድ ከጀልባው አፍንጫ ተነስቶ መድረኩ ላይ ወደ ፊት ራመድ ብሎ ይታሰራል። የኋላው በተቃራኒው ከጀልባው ኋላ ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። እነዚህ ሁለቱ ጀልባው ከመድረኩ እንዳይርቅ ይይዙታል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከመንሸራተት ግን በደንብ አያስቆሙትም።

ለዚያ ሰያፎቹ አሉ። አንዱ ከአፍንጫው አካባቢ ተነስቶ በጀልባው ጎን ወደ ኋላ ሄዶ መድረኩ ላይ ይታሰራል። ሌላው ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ይመጣል። ከላይ ብታዩዋቸው በጀልባውና በመድረኩ መካከል ይሻገራሉ። ሰያፍ ገመድ ረጅም ስለሆነ ውኃው ከፍ ዝቅ ሲል ብዙም አይወጠርም። እኛ አገር ብዙ ጀልባ ያለ ሰያፍ ያድራል። ጠዋት ላይ ጎኑ ተፍቆ የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የጀልባውን ገመድ ከየት ጋር ታስሩታላችሁ? ለዚህ ሥራ ተብሎ በብሎን ከጀልባው አካል ጋር ከተያያዘ ብረት ወይም ቀለበት ጋር ብቻ። ከመቀመጫ፣ ከጣሪያው ቋሚ፣ ከእጅ መያዣው ወይም ከሞተሩ ጋር አይታሰርም። ቋጠሮው ይዞ መያዣው ተነቅሎ ከሄደ ለውጥ የለውም።

ሦስቱ ቋጠሮዎች

የቋጠሮ ዓይነት ብዙ ነው። ሁሉንም መልመድ ለሚወድ ሰው ደስ ይላል። ጀልባ ለማሰር ግን ሦስት ብትችሉ፣ እነዚያንም በጨለማና በረጠበ እጅ ብትችሏቸው፣ ይበቃችኋል። እያንዳንዱ ቋጠሮ ሁለት ነገር ማለፍ አለበት፦ ሲፈለግ መያዝ፣ ሲፈለግ መፈታት። ድርቅ ብሎ በቢላ ካልሆነ የማይፈታ ቋጠሮ ጠንካራ አይባልም። ማዕበል መጥቶ ጀልባውን ቶሎ ማንሳት ሲያስፈልግ ያ ቋጠሮ ጠላት ነው።

«ዋናው ገመድ» ስል ጭነቱን ተሸክሞ ከጀልባው የሚመጣውን ማለቴ ነው። «ጫፉ» ስል በእጃችሁ የያዛችሁትን።

የመጀመሪያው በቀንድ ላይ ማሰር ነው። መድረክ ላይ ወይም ጀልባው ላይ ሁለት ቀንድ ያለው፣ የበሬ ራስ የሚመስል ብረት አለ። ብዙዎች ክሊት ይሉታል። እዚህ ብረት ላይ ሰው ሁሉ ገመድ እየደራረበ ጉብታ ይሠራል። ጉብታ አያስፈልግም። እንዲህ አድርጉ፦

1. ገመዱን መጀመሪያ ከጀልባው ራቅ ወዳለው ቀንድ ውሰዱትና ከሥሩ አሳልፉት።
2. በሁለቱም ቀንዶች ሥር የብረቱን እግር አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። ጭነቱን የሚሸከመው ይህ ዙር ነው። የቀረው ሁሉ እሱን መጠበቂያ ነው።
3. አሁን ገመዱን በብረቱ አናት ላይ አሻግራችሁ ወደ ሌላኛው ቀንድ ውሰዱ፣ ከሥሩ አውጡትና መልሳችሁ በአናቱ ላይ አሻግሩ። ስምንት ቁጥር ይመስላል።
4. መጨረሻ ላይ ጫፉ ከሥር እንዲሆን ገመዱን አንድ ጊዜ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ትንሽ ቀለበት ሥሩና በቀንዱ ላይ አጥልቁት። ጫፉን ሳቡ።

በትክክል ከሠራችሁት የሚወጣው ጫፍ ቀድሞ ከተሻገረው ገመድ ጎን ለጎን ይተኛል። ጎን ለጎን ካልተኛና ከተጣረሰ የጠመዘዛችሁት ወደ ተሳሳተው ጎን ነው፤ ፈትታችሁ ድገሙት። ሁለተኛውን እርምጃ ዘላችሁ በቀጥታ ከቆለፋችሁ ጭነቱ ሁሉ መቆለፊያው ላይ ይወድቃል። ጠዋት ላይ በጥርስም አይፈታም። ዙሩ ካለ ግን ጀልባው እየሳበ እንኳ ቀስ እያላችሁ መልቀቅ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ሁለት ዙር ከሁለት ቁልፍ ነው። ለቀለበት፣ ለምሰሶ፣ ለዛፍ፣ ለሁሉም የሚሆን ነው። አንድ ቋጠሮ ብቻ ልማር የሚል ሰው ቢጠይቀኝ ይህንን እሰጠዋለሁ። ያ ጀልባ የጠፋ ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ጀልባው የትም አይሄድም ነበር።

ጫፉን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉ፤ ከዚያ መልሳችሁ ደግማችሁ አሳልፉት። ገመዱ በብረቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ይታያችኋል። ምሰሶም ከሆነ እንዲሁ ሁለት ጊዜ ዙሩት። እዚህ ላይ ቆም በሉና ጫፉን በሁለት ጣት ብቻ ይዛችሁ ጀልባው ሲስብ ተመልከቱ። ሁለት ጣት ጀልባ ይይዛል! የሚይዘው ሰበቃው ነው። ከዚያ ጫፉን በዋናው ገመድ ላይ ዞር አድርጋችሁ በፈጠረው ቀዳዳ አውጡት። ይህ አንድ ቁልፍ ነው። በዚያው አቅጣጫ ሁለተኛውን ድገሙ። ወደ ቀለበቱ ገፍታችሁ አጥብቁ።

ስህተት የሚመጣው ሁለተኛውን ቁልፍ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያዞሩት ነው። ልክ ከሆነ ሁለቱ ቁልፎች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ ከቀለበቱ የሚመጣው ገመድና ጫፉ በመካከላቸው ተጋድሞ በሚያልፍ አንድ ሰያፍ ሥር ገብተው ይታያሉ። አዲስና የሚያንሸራትት ናይለን ከሆነ ሦስተኛ ቁልፍ ጨምሩ። ትርፉ ጫፍ ከአንድ ስንዝር አይነስ። የእኔ ትርፍ የሁለት ጣት ያህል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ላላ ጠበቅ ሲል እየተንፏቀቀ አለቀ።

ሦስተኛው ቦውላይን ይባላል። መርከበኞች በዓለም ዙሪያ የሚያውቁት ነው። በገመድ ጫፍ ላይ የማይጠብቅና የማይሰፋ ቀለበት ይሠራል። ሸምቀቆ አይደለም። ሸምቀቆ በተሳበ ቁጥር ይጠብቃል፤ ቦውላይን የሠራችሁትን ስፋት እንደያዘ ይቆያል። በምሰሶ ላይ ለማጥለቅ ተመራጭ ነው።

ለልጆች ስናስተምር በጉማሬ እንነግራቸዋለን። በዓባይ መውጫ አካባቢ ያሉት ጉማሬዎች ሲመሽ ሣር ሊግጡ ይወጣሉ፣ ሲነጋ ይመለሳሉ። ዋናውን ገመድ በግራ እጃችሁ ያዙ። ለትልቁ ቀለበት የሚበቃ ገመድ ትታችሁ ትንሽ ክብ ሥሩ፤ ወደ ጫፉ የሚሄደው ገመድ ከዋናው ገመድ በላይ ይረፍ። ያ ትንሽ ክብ ኩሬው ነው። ከክቡ በላይ የቀጠለው ዋናው ገመድ ዋርካው ነው። ጫፉ ጉማሬው ነው። ጉማሬው ከኩሬው ከሥር ወደ ላይ ይወጣል። ዋርካውን በጀርባ በኩል ይዞራል። ወደ ወጣበት ኩሬ ተመልሶ ይገባል። አሁን ጉማሬውንና አጠገቡ ያለውን ገመድ በአንድ እጅ፣ ዋርካውን በሌላው እጅ ይዛችሁ ሳቡ።

ትንሹን ክብ ገልብጣችሁ ከሠራችሁት ሲሳብ ይበተናል። እንዲህ ከሆነ አትናደዱ፤ ክቡን በሌላው በኩል አድርጋችሁ ድገሙ። ለ12 ሚሊሜትር ገመድ 15 ሳንቲሜትር ያህል ጫፍ ይትረፍ። ቦውላይን ገመድ ላላ ጠበቅ ሲል ጫፉ ሊሾልክ ስለሚችል፣ ለብዙ ቀን ከሆነ ጫፉን በትልቁ ቀለበት ክንድ ላይ አንድ ጊዜ ቋጥሩት።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፦ ቦውላይን ጭነት ላይ እያለ አይፈታም። ገመዱ ከላላ በዋርካው ጀርባ ያለፈውን አንገት ወደ ኋላ ስታጥፉት በቀላሉ ይለቃል። ጀልባው እየሳበው ከሆነ ግን ምንም ብትታገሉ እንቢ ይላል። ስለዚህ የቦውላይኑን ቀለበት ምሰሶው ላይ አጥልቁ፣ ሌላውን ጫፍ ጀልባው ላይ ባለው ቀንድ ላይ እሰሩ። ማላላትና ማጥበቅ ሲያስፈልግ ጀልባው ውስጥ ሆናችሁ ታደርጉታላችሁ። የአንድ ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ጭነት ላይ በማይፈታ ቋጠሮ አትሰሩ።

ምሰሶው ላይ የሌላ ጀልባ ቀለበት ቀድሞ ካለ የእናንተን ዝም ብላችሁ ከላይ አትጣሉበት። ቀለበታችሁን በእሱ ቀለበት ውስጥ ከታች ወደ ላይ አሳልፋችሁ ከዚያ ምሰሶው ላይ አጥልቁ። እንዲህ ከሆነ ቀድሞ መሄድ የፈለገ የሌላውን ሳይነካ የራሱን ያወጣል። ሌሊት 10 ሰዓት ዓሣ ሊያጠምድ የሚወጣ ሰው የእናንተን ገመድ ፈትቶ፣ በጨለማ እንደገና በደንብ ያስርልኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

ምሰሶ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው ጫፉን በሥሩ የሚያሾልኩበት ፈጣን አስተሳሰርም አለ፤ ክሎቭ ሂች ይባላል። ለአምስት ደቂቃ ይሆናል። ጀልባው ሲወዛወዝ ገመዱ በምሰሶው ላይ እየተንከባለለ ስለሚላላ ለሌሊት አይሆንም።

ምን ያህል ይላላ?

ማሰር ማለት መቀርቀር አይደለም። ጀልባው መተንፈስ አለበት። የፊቱና የኋላው ገመድ ጀልባው ከመድረኩ አንድ ክንድ ያህል እንዲርቅ ይፍቀዱ፤ ሰያፎቹ ትንሽ ጠበቅ ይበሉ። ጥብቅ አድርጋችሁ ከወጠራችኋቸው ማዕበል በመጣ ቁጥር ብረቱ ይነቀነቃል፣ ብሎኑ ይላላል። በጣም ከላሉ ደግሞ ጀልባው ፍጥነት ይዞ ሄዶ ገመዱ ላይ ይመታል።

የውኃውን ከፍታም አስቡ። ጣና በክረምት ሞልቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፣ በጋውን ሙሉ እየቀነሰ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። በአንድ ሌሊት የሚታይ ለውጥ የለም። ነገር ግን ጀልባውን ሐምሌ ላይ በአጭር ገመድ አስሮ ለወር የሄደ ሰው፣ ሲመለስ አፍንጫው ወደ ታች ተጎትቶ ውኃ እየገባበት ያገኘዋል። ጥር ላይ አስሮ የሄደ ደግሞ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ። ለረጅም ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ በየሳምንቱ ገመዱን የሚያይ ሰው አደራ በሉ። መድረኩ ተንሳፋፊ ከሆነ ግን ከውኃው ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ይህ ጭንቀት የለም።

በባሕር ዳርቻ አገር ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ጉዳይ በየቀኑ ታገኙታላችሁ። እዚያ ውኃው ለስድስት ሰዓት ያህል እየሞላ፣ ከዚያ ለስድስት ሰዓት ያህል እየጎደለ ይሄዳል። ገመዱ ቢያንስ የልዩነቱን ሦስት እጥፍ ይርዘም፣ ሰያፎቹንም ፈጽሞ አትተዉ።

ገመድ የሚያልቅበት ቦታ

ገመድ ብዙውን ጊዜ ቋጠሮው ላይ አይበጠስም፤ የሚበጠሰው የሚፋቅበት ቦታ ላይ ነው። የጀልባው ጠርዝ፣ የሲሚንቶው ማዕዘን፣ የዛገ ቀለበት ሌሊቱን ሙሉ እንደ መጋዝ ይሠራሉ። መዳፋችሁን በሲሚንቶው ጠርዝ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ አድርጋችሁ እዩት። የሚቧጥጥ ከሆነ ገመዱንም ይቧጥጠዋል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከአሮጌ ከመነዳሪ ወይም ከውኃ ጎማ አንድ ክንድ ያህል ቁረጡ፣ ገመዱን በውስጡ አሳልፉና በሚፋቅበት ቦታ ላይ በሲባጎ እሰሩት። በየወሩ ገመዱን ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አንሸራትቱት፤ ያው አንድ ቦታ ብቻ እንዳይበላ።

እምቦጭ ባለበት ዳርቻ ሌላም ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ይህ አረም ነፋስ እየነዳው እንደ ምንጣፍ ተያይዞ ይመጣል። በጀልባው ጎንና በገመዱ ላይ ሲከመር ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ ገመዱን በማታስቡት አቅጣጫ ይስባል። ሲመሽ ጥርግ አድርጋችሁ ግፉት፣ ጠዋትም መጀመሪያ እሱን እዩ። የገመድ ትርፍም ውኃ ውስጥ አይንጠልጠል። ሞተሩ ሲነሳ ማራገቢያው ላይ ይጠመጠማል፣ የዚያን ቀን ሥራም እዚያው ያበቃል።

ከመሄዳችሁ በፊት፣ ስትመለሱም

አስራችሁ ስትጨርሱ እግራችሁን መድረኩ ላይ አጽንታችሁ ጀልባውን በመቅዘፊያ ወደ ውኃው ግፉት። ሌሊት ነፋሱ የሚያደርገውን አሁን እናንተ አድርጉት። እያንዳንዱ ገመድ ሲወጠር ቋጠሮውን እዩ፤ የተንቀሳቀሰ ካለ እንደገና እሰሩ። ከዚያ ሻይ ጠጡና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ አንድ ጊዜ እዩት። አዲስ ገመድ ጭነት ሲያገኝ ሁልጊዜ ትንሽ ይለቃል።

ቋጠሮዎቹን ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ሁለት ሜትር ገመድና የወንበር እግር ይበቃል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ከዚያ ገመዱን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ሞክሩ። እጃችሁ ሳይጠይቃችሁ ማሰር ሲጀምር ያኔ ቻላችሁት ማለት ነው።

ስትፈቱ ሞተሩ አስቀድሞ ይነሳ፣ ይሙቅ። ከዚያ ሰያፎቹን ፍቱ። ቀጥሎ ጭነት የሌለበትን ገመድ። በመጨረሻ ነፋሱን እየተቋቋመ ያለውን። እሱን ስትፈቱ ቁልፎቹን ብቻ አውጡና ዙሮቹን ተዉአቸው፤ የሚነዳው ሰው «ዝግጁ» እስኪላችሁ ድረስ በሁለት ጣት ይዛችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ። ሲላችሁ ጫፉን ልቀቁ፣ ገመዱ በቀለበቱ ውስጥ ሾልኮ ወደ ጀልባው ይምጣ። ውኃ ሳይነካ ሰብስቡት፤ ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልላችሁም ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ስቀሉት።